ሚኒሞ አልይዝ ላለች ባለ አራት ጎማ ሞተር፦ ሐዋሳ ላይ ያገኘሁት ጋራዥ

ሰሞኑን ሦስት ሰው «ያቺ ሞተርህ ዳነች? የት አሠራሃት?» ብሎ ጠይቆኛል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግም አንድ ጊዜ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ግን ሚኒሞ (የቤንዚን መስጫው ሳይነካ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበት ዙር) አልይዝ ያለ ሞተር ያለው ሰው ታግሶ ቢያነበው ብሩን ያተርፋል። ባጃጅም ሆነ ተራ ሞተር ሳይክል፣ በካርቡራተር (አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ዕቃ) እስከሠራ ድረስ ነገሩ ያው ነው።

የኔዋ ባለ አራት ጎማ ናት፣ ኤቲቪ የሚሏት። 250 ሲሲ ናት። ማርሽ በእግር ይቀየራል፣ የፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚለየው) እጀታ ግን የላትም፤ ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ዙር ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይለቃል። ከአንድ ድርጅት ጨረታ ላይ ነው የገዛኋት። ከቱላ አለፍ ብሎ ቤተሰቦቼ ትንሽ የአቮካዶ ማሳ አላቸው፣ ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ይሆንና ባጃጅ አይደፍረውም። ችግኙም፣ ፍጉም፣ ውሃውም የሚገባው በእሷ ነው። እሷ ከቆመች አባቴ በትከሻው ይሸከማል። ለኔ የመዝናኛ ጉዳይ አይደለችም።

ሕመሟ እንዲህ ነበር። ጠዋት ቾክ ስቤ አስነሳታለሁ፣ ትነሳለች። እስክትሞቅ ምንም አትልም። ከሞቀች በኋላ አውራ ጣቴን ከቤንዚን መስጫው ላይ ሳነሳ ዙሩ ቶሎ አይወርድም፣ ከፍ ብሎ ትንሽ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ድንገት ይወርድና ጸጥ። አንዳንዴ ደግሞ አትጠፋም ግን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለች ታለከልካለች። በተለይ ጭኜ ዳገት ጨርሼ ስቆም መጥፋቷ አይቀርም ነበር። እንደገና ማስነሳት፣ እንደገና መጥፋት። ባትሪውም በዚህ ደከመ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ቤት ልጁ ካቻቢቴ ይዞ መጣ፣ የሚኒሞዋን ብሎን ሁለት ዙር አጠበቀ፣ «ጨርሰናል» አለ። 300 ብር ከፈልኩ። እውነትም አልጠፋችም። ግን ይህ ጥገና አይደለም። ያ ብሎን የሚያደርገው የካርቡራተሩን በር ገርበብ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው፣ ሞተሩ ለምን እንደሚጠፋ አያውቅም፣ አይጠይቅም። ፍሪሲዮኑ በዙር የሚይዝ ሞተር ላይ ደግሞ አደጋ አለው። ሚኒሞው ከልክ ሲያልፍ ፍሪሲዮኑ ሳትፈልግ መያዝ ይጀምራል፣ ቆማም ትጎትታለች፣ ማርሽ ሲገባ ቋ ብላ ትዘላለች። እኔም ግቢ ውስጥ አንደኛ ሳስገባ ወደፊት ተፈናጥራ የብረቱን በር ገጨችው። የእህቴ ልጅ እዚያው በሩ ጋ ቆሞ ነበር፣ ዞር ካለ ገና አንድ ደቂቃ አልሞላውም። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነጋታው ብሎኑን ራሴ መለስኩት።

ሁለተኛው ቤት «ካርቡራተሩ አልቋል፣ አዲስ ግዛ» አሉኝ። ገዛሁ። ከነማስገቢያው 5,200 ብር ወጣ። ሦስት ቀን እንደ አዲስ ሆነች፣ በአራተኛው ቀን ያው አመሏ ተመለሰ። ስመለስ «እንግዲህ ሞተሩ ሊከፈት ነው» አሉኝ። ሞተር ይከፈት የሚለው ቃል ምን ያህል ብር እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ይቺን ጋራዥ የነገረኝ ማሳችን አጠገብ በጄኔሬተር ውሃ የሚስብ ጎረቤታችን ነው። ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ከአስፋልቱ ገባ ብላ፣ የአላሙራ ተራራ ፊት ለፊት እየታየ፣ በሰማያዊ ቆርቆሮ የታጠረች ግቢ ናት። ሰሌዳ የላትም። አንድ ግራር አለ፣ ሥራው ሁሉ ግራሩ ሥር ነው። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፣ ሁለት ረዳቶች አሏቸው። ስገባ አንድ ደንበኛ ሲጋራ ይዞ ወደ ሰልባትዮ (የቤንዚን መያዣው) ሲጠጋ ክፉኛ ሲቆጡት ደረስኩ። እዚያው ወደድኳቸው።

ሞተሯን አላዩዋትም መጀመሪያ። እኔን ነው የጠየቁት።

«ሲበርድ ነው ሲሞቅ?»

«ሲሞቅ ነው ጋሼ።»

«ከመጥፋቷ በፊት ዙሩ ይንጠለጠላል?»

«አዎ፣ ትንሽ ይቆያል።»

«ቾክ ስትስብላትስ?»

«አልሞከርኩም።»

«እሱ እኮ ነው መጀመሪያ የሚሞከረው ልጄ። በል ዞር ዞር ብለህ አሙቃትና ና።»

ሃያ ደቂቃ ያህል ነድቼ መጣሁ። ልትጠፋ ስትል ቾኩን በግማሽ ሳቡት። ሞተሯ ወዲያው ተረጋጋች። ይህ ነገር ምን ይነግራል መሰላችሁ? ቾክ አየር ቀንሶ ቤንዚኑን ያወፍራል። ቾክ ሲሳብ የምትሻላት ከሆነ ቤንዚን አንሷታል ወይም ከማይገባበት ቦታ አየር እየሳበች ነው። ቾክ ሲሳብ የምትብስ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ቤንዚን በዝቶባታል፤ ያኔ የተዘጋ ፊልትሮ (አየር ማጣሪያ)፣ የማይዘጋ ተንሳፋፊ (ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን ቤንዚን የሚያቆመው)፣ ወይም ሳይመለስ የቀረ ቾክ ትፈልጋለህ። አንዲት ምንም ብር የማታስወጣ ሙከራ ፍለጋውን በግማሽ ቀነሰችው። ሁለቱ ቤቶች ይህቺን አላደረጉም።

ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) አወጡ። ጫፉ ነጣ ብሏል። ጤነኛ ካንዴላ ቡናማ፣ የተቆላ ገብስ የመሰለ ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጣ አየር በዝቷል። የካንዴላውን ክፍተት ለኩ፣ 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ ነበር፣ ለኔዋ ልክ ነው። የሰልባትዮውንም ክዳን ከፍተው ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ክዳኑ ላይ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነች ሰልባትዮው ውስጥ አየር አይገባም፣ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፣ ሞተሩ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል። ክዳኑ ሲከፈት እስስ የሚል ድምፅ ካለ እሱ ነው። የኔ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ነው የወደድኩት ነገር የመጣው። ረዳቱን «ሃይላንዷን አምጣ» አሉት። ክዳኗ በሚስማር የተበሳሳ ሃይላንድ፣ ውስጡ የሳሙና ውሃ። ሞተሯ እየሠራች ካርቡራተሩን ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር በሚያገናኘው ጥቁር የጎማ አንገት ዙሪያ በቀስታ ያንጠባጥቡ ጀመር። ከላይ ምንም የለም። በቀኝ ምንም የለም። ከሥር ሲደርሱ፣ ከብረት ማሰሪያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ የሳሙናው አረፋ ወደ ውስጥ ሲሳብ በዓይኔ አየሁት። በዚያችው ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ተቀየረ፣ ለሦስት አራት ሰከንድ ያህል ምንም እንዳልነካት ሞተር ሆነች። ውሃው ስንጥቁን ስለደፈነላት ነው። ከዚያ ደረቀና ማለክለኳ ተመለሰ። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም።

አንዳንድ ቦታ ይህንን በቤንዚን ወይም በስፕሬይ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በጋለበት ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው። የሳሙና ውሃ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጎማው ሲወልቅ ስንጥቁ እንደ ጥፍር ቁራጭ ነበር፣ ቀጭን፣ ጎንበስ ሲያደርጉት ብቻ አፉን የሚከፍት። ሲበርድ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይላላና ይከፈታል። አዲሱ ካርቡራተር ሲገባ ለሦስት ቀን ለምን እንደተሻላትም አሁን ገባኝ፤ ጎማው ሲነካካ ቦታው ተቀይሮ ስንጥቁ ለጊዜው ገጠመ እንጂ ካርቡራተሩ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። «በሲልከን ብንደፍነውስ?» ስላቸው እንቢ አሉ። ተራ ሲልከን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል፣ ቁራጩ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። ጎማው ሐዋሳ አልተገኘም። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ያለ ዘመዴ ፈልጎ በመኪና ላከልኝ፣ 850 ብር። ሁለት ቀን ቆየሁ።

በነዚያ ሁለት ቀናት ሞተሯ እዚያው አደረች፣ ይህም ጠቀመ፤ ምክንያቱም የቫልቭ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው የሞተሩ በር) ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሲያድር ነው። ጠዋት ስደርስ የቫልቩን ክዳን ከፍተው፣ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ምልክቱ ላይ አቁመው፣ እንደ ምላጭ የሳሱትን የብረት ቅጠሎች አንድ በአንድ ሲያስገቡ አገኘኋቸው። የኔዋ ማኑዋል 0.08 ሚሊሜትር ይላል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ላይ 0.05ቷም አልገባ አለች። ቫልቭ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ክፍተት ከሌለው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ግፊት ያመልጣል፣ ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ይደክማል። ዝም ብሎ ቢተው ደግሞ ቫልቩ ይቃጠላል። እኔ ሳልጠይቅ ነው ያዩት። አስተካክለው፣ የክዳኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ደህና ስለነበር እሱኑ መለሱት፣ አዲስ ግዛ አላሉኝም።

የድሮውን ካርቡራተር ይዤ ነበር። ከፍተው አሳዩኝ። ምንም አላለቀም። ችግሩ ሚኒሞ ላይ ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሿ የነሐስ ብሎን ናት፣ መሃሏ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከፀጉር ብዙም አትወፍር፣ ወደ ብርሃን ሲያነሷት ብርሃኑ አያልፍም። ቆሞ የከረመ ቤንዚን ደርቆ ሙጫ ይሆናል፣ እሱ ነው የሚዘጋት። ጨረታ ላይ የተገዛ ሞተር ደግሞ ስንት ወር ቆሞ እንደከረመ አስቡት። በማጠቢያ ዘፍዝፈው፣ በኮምፕሬሰር ነፍተው፣ በመጨረሻ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር መዘው አሳለፉባት። በብረት ሽቦ አይሆንም፣ ብረት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከሰፋ ደግሞ ሚኒሞው መቼም አይስተካከልም። ሲጨርሱ ወደ ግራሩ አቅጣጫ አንስተው ሰጡኝ። በቀዳዳዋ አንዲት ነጥብ ብርሃን ታየችኝ።

እና የኔኑ ካርቡራተር መለሱልኝ። አዲሱን «አስቀምጠው ወይ ሽጠው፣ ውስጡ ያለው ልኬት ላንተ ሞተር አይደለም» አሉ።

አሁን ስለ ሁለቱ ብሎኖች ልናገር፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። አንዱ የሚኒሞ ብሎን ነው፣ በሩን ገርበብ የሚያደርገው። ሌላው አየርና ቤንዚን የሚመጥን ነው፣ ትንሽና ደበቅ ያለ። ጋሼ መጀመሪያ መመጠኛውን ብሎን በቀስታ እስከ ጫፍ ዘጉት፣ ሳያስጨንቁ፣ ምክንያቱም ሾጣጣ ጫፉ ከተጎዳ ካርቡራተሩ ተበላሸ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ከፈቱት። ሞተሩን አሙቀው ሩብ ሩብ ዙር እያሉ ዙሩ ከፍ የሚልበትን ቦታ ፈለጉ፣ እዚያ ተዉት፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚኒሞውን ብሎን ወደ ታች ያወረዱት። እንደኔዋ ያሉት አብዛኞቹ ሲሞቁ በደቂቃ ከ1,300 እስከ 1,600 ዙር አካባቢ ነው የሚቀመጡት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀኑን ሙሉ ስትታገል ትውላለህ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ መመጠኛው ብሎን በፊልትሮው በኩል ከሆነ አየር ነው የሚመጥነው፣ ሲፈታ ድብልቁ ይሳሳል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ቤንዚን ነው የሚመጥነው፣ ሲፈታ ይወፍራል። ሳያውቁ ማዞር ወደ ተቃራኒው ይወስዳል።

ፊልትሮውንም አይተው አዘኑብኝ። ልክ ናቸው። የኛ አካባቢ አቧራ የታወቀ ነው፣ በበጋ ያ ነጣ ያለ አሸዋማ አቧራ የስፖንጁን ፊልትሮ እንደ ሊጥ ይሞላዋል። በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ፣ ጨምቆ ሳይሆን ጫን ጫን እያሉ ማድረቅ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ዘይት በስሱ አጠጥቶ ትርፉን ማውጣት። በቤንዚን አይታጠብም፣ ማጣበቂያውን ይለያየዋል። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ነው የማጥበው።

ቤንዚኑንም ጠይቀውኛል፣ ከየት ነው የምትቀዳው ብለው። ሰልፍ ሲበዛ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እገዛ ነበር። ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈትተው በነጭ ብርጭቆ ቀዱት። ከሥሩ ውሃ ለብቻው ቁጭ ብሏል፣ እንደ እንቁላል ነጭ እየተንከባለለ። ከዚያ ወዲህ ሰልፉን ብቻ ነው የማውቀው።

ዋጋቸው፦ የሥራ 1,800 ብር። ቫልቩን፣ ካርቡራተሩን፣ ፊልትሮውን፣ ፍለጋውን ሁሉ ጨምሮ። ከጎማው ጋር 2,650። ከዚያ በፊት ያባከንኩት 5,500 ነው። ቀድሜ እዚህ መጥቼ ቢሆን ብዬ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቅር ያለኝንም ልናገር። ደረሰኝ የላቸውም፣ ለድርጅት የምታሠሩ ከሆነ ይህ ያስቸግራችኋል። ስልክ ሥራ ላይ አያነሱም፣ አንድ ቀን በከንቱ ተመላልሻለሁ። ቅዳሜ ባጃጆች ስለሚሞሉት ወረፋው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፣ ማክሰኞና ረቡዕ ይሻላል። መለዋወጫ አያስቀምጡም፣ ፈልጎ ማምጣት ያንተ ሥራ ነው። ደግሞ አይቸኩሉም። «ዛሬ ማታ እፈልጋታለሁ» ካልክ «እንግዲያው ሌላ ቦታ ውሰዳት» ይሉሃል፣ ሳይቆጡ። እኔ መጠበቁን መርጫለሁ፣ ግቢው በር ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ እናት አለች፣ ቡናዋም ጥሩ ነው።

ሞተራችሁ ኢንጀክሽን (ያለ ካርቡራተር ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጭ) ከሆነ አትድከሙ፣ አይነኩም፣ ራሳቸው ይነግሯችኋል። በሱ ዓይነት ሞተር ላይ ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተሩ ነው፣ ብሎን ማዞር ነገር ማበላሸት ነው። የአየር መግቢያው በር መቆሸሹንና ባትሪው መድከሙን አይታችሁ፣ ኮድ የሚያነብ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ሂዱ።

አሁን ሦስት ሳምንት ሆናት። ሞቃ፣ ችግኝ ጭና፣ ዳገቱን ጨርሳ ስትቆም ዱክ ዱክ ዱክ እያለች ትቆያለች። አባቴ ሳያጠፋት ወርዶ የማሳውን በር ይከፍታል፣ ተመልሶ ይወጣና ይገባል። ይህን ማድረግ ከተወ ስንት ወር ሆኖት ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ካንዴላውን አውጥቼ ሳየው አሁን ወደ መጥቆር ብሏል። ወስጄ አሳየኋቸው። ሐዋሳ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ናት፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለሉ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተሩ ደግሞ ለዝቅተኛ አገር የተመጠነ ነው፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል። በስንጥቁ በኩል ይገባ የነበረው አየር ይህንን ሸፍኖት ኖሯል፣ ስንጥቁ ሲድን ወጣ። ብሎኑን ቢያስተካክሉትም ልኩ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ አንድ ቁጥር የምታንስ የሚኒሞ ነሐስ ያስፈልጋታል። ዘመዴ ከሱማሌ ተራ ልኮልኛል፣ ትናንት ከመናኸሪያ ተቀበልኩ። ማክሰኞ ጠዋት በማለዳ እወስዳታለሁ።